ፌንጣ የገባችበት ቤት

የድጋፍ ክፍላችን ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበረ። አሁንም ዝናብ በዘነበ ቁጥር የአሮጌ ኳስ ሽታ ከግድግዳው ይወጣል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበሮችና ወደ ውሃ ታንከሩ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። ከየክፍላቸው እየተመላለሱ የሚመጡ ልጆችን እዚያ እረዳለሁ። አንዱ ፊደል ይገለበጥበታል፤ አንዷ መስማት ይቸግራታል፤ አንዱ ደግሞ ጩኸት ሲበዛበት ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ማየት የማትችለው ግን ፌንጣ ብቻ ነበረች።

ፌንጣ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። በግቢው መካከል የሚያልፈውን የውሃ መውረጃ ቦይ እንደ ሌላው ሰው በድልድዩ አትሻገርም፤ ጫፉን በዱላዋ ትነካና ትዘለዋለች። ስሙን መጀመሪያ ያወጡት ሊያበሽቋት ነበር። እሷ ግን «ፌንጣ የቁመቷን ስንት እጥፍ እንደምትዘል ታውቃላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ የክብር ስም ሆነ።

በዚያ ዓመት ከኛ ጋር መቀጠሏና አለመቀጠሏ የሚወሰነው በግማሽ ዓመቱ የሂሳብ ፈተና ነበር። ርዕሰ መምህሯ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ ካለፈች ትቆያለች፣ ካላለፈች በሌላ ከተማ ወዳለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ትዛወራለች። አዳሪ ትምህርት ቤቱ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ብዙ ሰው አስተምሯል። ነገር ግን ፌንጣ እናቷን ካጣች ወዲህ ከአባቷ ተለይታ አድራ አታውቅም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የትምህርት ቤቱን አጥር ተጠግቶ ስለተሠራ፣ በእረፍት ሰዓት የስፌት መኪናውን ድምፅ ከግቢው ውስጥ ሆና ትሰማለች።

«ዛሬ ከባድ ጨርቅ ነው የያዘው» ትለኛለች። «መኪናዋ እያቃሰተች ነው።»

የርዕሰ መምህሯን ቃል ያደረስኩለት እኔ ነበርኩ። መቀሱን አስቀምጦ ሰማኝ።

«የሚበጃት እሱ ከሆነ አንጀቴን አስሬ እልካታለሁ» አለ። «እዚሁ ሆኖ የሚሆን ነገር ካለ ግን…»

አልጨረሰውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ሆኗል። ልማዱን አውቀዋለሁ።

የሂሳቡን መምህር ተማሪዎቹ ጋሽ ጠመኔ ይሏቸዋል። እጃቸው፣ የኮታቸው ክንድ፣ አንዳንዴም ቅንድባቸው ነጭ ነው። ሰሌዳው ላይ እየጻፉ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ ያኛው ይቀራል» ይላሉ። ይህ የትኛው እንደሆነ፣ ያኛው የት እንደቀረ የሚያይ ያያል። ፌንጣ ጀርባዋን አቅንታ ትሰማቸውና ደወል እንደተደወለ በቀጥታ ወደኔ ትመጣለች።

«ቲቸር፣ ያኛው ዛሬ ስንት ነበር?»

አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ሳስተምር ኖሬ አሁን በምን ልተካው?» አሉኝ፤ ጣታቸውን አንስተው እያዩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ትክክለኛ ነገር ይወዳሉ፤ ሰው ግን ትክክለኛ ሆኖ ስለማይገኝላቸው ይበሳጫሉ።

ፌንጣ የምትጽፈው በብሬል ነው። ወፍራም ወረቀት ስሌት በምንለው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ብረት መካከል ታስገባና፣ ጫፉ በሾለ መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ ትወጋዋለች። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ በሌላው ፊት ጉብ ጉብ ብለው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ በጣት ይነበባሉ። እኔ በዓይኔ አነበውና ከእያንዳንዱ መስመር በላይ በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፤ መምህራኑ ያንን አይተው ያርማሉ። ለዚህ ፈተና ግን ጋሽ ጠመኔ አሠራሩ አልተዋጠላቸውም።

«እርስዎ ይህችን ልጅ ይወዷታል» አሉኝ።

«እወዳታለሁ።»

«እንግዲያው ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ አይደር። መዝገብ ቤት ይደርና ጠዋት እኔ ባለሁበት ይጻፍበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ቅር አለኝ። ይሁን እንጂ ልጅቷ ስታልፍ «ቲቸሯ ሞላችላት» የሚል ሰው እንዳይነሳ እኔም እፈልግ ስለነበር ተስማማሁ።

በፈተናው ቀን ሥዕል ያለበትን ጥያቄ እንድትዘለው ተነገራት፤ ውጤቷ ከቀሪው ይሰላል። የቆየ ልማድ ነው፤ ለማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ሁሉ እንዲሁ ይደረጋል። ፌንጣ ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቶቿን ሰጠችኝ።

«ዝለይ ሲሉኝ ደስ የሚለኝ ቦይ ሲሆን ነው» አለች።

መዝገብ ቤቱ የእትዬ ማህተም ግዛት ነው። እትዬ ማህተም ጡረታቸው የተቃረበ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። የተጨማደደ ወረቀት ሲያዩ የታመመ ሰው ያዩ ያህል ይጨነቃሉ። ተማሪ በኪሱ አጣጥፎ ያመጣውን ማስረጃ በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ ያደርጉና ከአንድ ከተዘጋ ማተሚያ ቤት በተገኘው የብረት መጫኛ ሥር ያሳድሩታል። እጀታው ተጠምዝዞ ሲጠብቅ ድንጋይም ያለሰልሳል። ዝናብ የመታውን የባለቤቴን የሞት ማስረጃ እንዲሁ አቅንተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

የፌንጣ ወረቀት እሳቸው ዘንድ ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነበር። ስለ ነጥቦቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለኛ የታወቀ ነገር ለሰው ሁሉ የታወቀ ይመስለናል።

ጠዋት ከጋሽ ጠመኔ ጋር ስንሄድ እትዬ ማህተም አቃፊውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀበሉን።

«እንዴት ያለ ወረቀት ነው ያመጣችሁልኝ? ፈንጣጣ የወጣበት ፊት እኮ ነው የሚመስለው» አሉ። «እንዲህ ሆኖ ከኔ ቤት አይወጣም ብዬ አሳደርኩት። እስቲ አሁን እዩት።»

አየነው። እንደተተኮሰ ሸሚዝ ለስልሶ ነበር።

ጋሽ ጠመኔ ወረቀቱን ገለበጡ፤ መልሰው ገለበጡ። እትዬ ማህተም አንድ ጊዜ የሳቸውን፣ አንድ ጊዜ የኔን ፊት አዩ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ጽሑፉ ጉብታው ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ቀለም የለውም። የሚነበበው ጉብታው ነው።»

ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። መነጽሩን ከግንባራቸው አውርደው እንደገና አዩት፣ አሁን የሚታያቸው ይመስል።

«እኔ እኮ ማቃናቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸው። ብርሃን ከጎን ሲመታው ነጥብ ጥላ ይጥላል፤ እኔም የማነበው በጥላው ነው። አንዳንዱ ነጥብ ጥላ ነበረው፤ አብዛኛው አልነበረውም። አንድ ቁጥር ለየሁ፤ ሌላም የለየሁ መሰለኝ። ከዚያ የማነበው ወረቀቱን ሳይሆን የማውቀውን መልስ መሆኑን ተረዳሁና አስቀመጥኩት።

«አይነበብም» አልኩ።

«ይነበባል ቢሉኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር» አሉ ጋሽ ጠመኔ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ አክብሮት ሰማሁ።

ፌንጣን አስጠራናት። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደች።

«ራሰ በራ ሆኗል» አለች። «ማነው የተኛበት?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ማህተም። «የተጨማደደ መስሎኝ ተጫንኩት። እጄን ይቁረጠው።»

«አይቁረጠው እትዬ፤ ማህተሙን ማን ይመታል?» አለች ፌንጣ። ቀልዱ ግን አፏ ላይ ብቻ ነበር። ወረቀቱን እንደያዘች ከንፈሯን ነከሰች። «መልሶቼን አስታውሳቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«አልጠራጠርም» አሉ ጋሽ ጠመኔ። «ግን የትናንቱን መልስ ነው ወይስ ማታ አልጋሽ ውስጥ ያረምሽውን ነው የምትነግሪኝ? አንቺም አታውቂውም። እኔም ትናንት ሌላ ክፍል ውስጥ ያሠራሁትን ጥያቄ ተሳስቼ ማታ ነው የገባኝ። አዲስ ፈተና ነገ ጠዋት። ከሰዓት ርዕሰ መምህሯ የዝውውሩን ጉዳይ ትዘጋለች።»

«እሺ። ግን አልዘልም።»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን። ሌሎቹ የሠሩትን ልሥራ። ዘልዬ ባልፍ ‹ቀንሰውላት ነው› ይሉኛል።»

«ሥዕሉን በምን ታይዋለሽ?»

«አባዬ ጎማ አለው።»

ጋሽ ጠመኔ ወደኔ ዞሩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። አባቷ ልብስ ከመቅደዱ በፊት በጨርቅ ላይ መስመር የሚያወጣባት፣ እጀታ ያላት ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለችው። ወረቀት ላይ ስትሄድ የነጥብ መስመር ትተዋለች፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ መስመሩ ይዳሰሳል። ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ያስተማርኳት በዚያች ነው።

አገጫቸውን አሻሹት፤ ነጭ ምልክት ቀረበት። «የትናንቱ ሥዕል የቤት ፕላን ነበር፤ የክፍሎቹን ስፋት አስሉ የሚል። እኩል ልፈትናት ከሆነ እንደሱ ያለ ያስፈልገኛል። ሌላ የቤት ፕላን እስከ ነገ ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ አመጣለሁ» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሌላም ችግር ነበረ፤ ወረቀት። ለብሬል የሚሆነው ወፍራም ወረቀት ይመጣል ይመጣል ሲባል ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል። እስከዚያ ድረስ የምንጠቀመው አሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ በላዩ ያለው ሥዕልና ቁጥር ለጣት አያስቸግርም። የመጨረሻው ቅጠል ያለቀው ትናንት ነው።

ባለቤቴ የሕንፃ ነዳፊ ነበር። የሠራባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው ከቁም ሣጥኑ በላይ ተቀምጠዋል። አቧራቸውን እጠርጋለሁ እንጂ ፈትቻቸው አላውቅም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳቸው። አንዱ መጋዘን ነው፤ አንዱ ክሊኒክ ነው፤ አንዱ ገንዘቡ አልቆበት በመሠረት የቀረ ትምህርት ቤት ነው። ከመጋዘኑ በስሌቱ ብረት ልክ ለመጻፊያ የሚሆን ቆረጥኩ። መቀሴ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መጋዘን ነው።

ከሁሉ ያነሰው ጥቅል የኛ ቤት ነበር። ልንሠራው የነበረው። ሌላ ፕላን ይሆን እንደሆነ ብዬ ክሊኒኩን ዘርግቼ አየሁ፤ ክፍሉ በዝቶ ለአንድ ጥያቄ አይሆንም። ትንሹን ጥቅል መልሼ ሰቀልኩት፤ ሻይ አፈላሁ፤ ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ከዚያ አወረድኩትና ከቦርሳዬ አጠገብ አቆምኩት።

በማግስቱ አባቷ ጎማዋን በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ጨርቅ አነጠፈ፤ ፕላኑን ዘረጋሁለት። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ይሄ እኮ የተደከመበት ነው» አለኝ። «ጎማዋ ትበሳዋለች።»

«ትሂድበት» አልኩ።

ጋሽ ጠመኔ ልኬቶቹን አንድ በአንድ እያዩ ነበር። «ንጹሕ ሥራ ነው። ማነው የነደፈው?»

«ባለቤቴ ነው።»

እጃቸውን በመሐረባቸው በደንብ ጠረጉና ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ደግመው የነኩት።

አባቷ ሸሚዝ እንደሚቀድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ግድግዳውን ሁሉ በጎማዋ ተከተለ። በር ሲደርስ ያነሳታል፤ አልፎ ያሳርፋታል። ለመስኮቶቹም እንዲሁ።

«አንድ ነገር አለ» አሉ ጋሽ ጠመኔ። «ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል።»

«ስፋቱ አይለወጥም» አልኩ።

«ስፋቱስ አይለወጥም።»

ባለቤቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር። መኝታ ቤቱ በየትኛው ወገን ይሁን ብለን ስንት ቀን ተከራክረን ያሸነፈው እሱ ነው። አሁን እኔ እንዳልኩት ሆነ።

አባቷ ወደ ሱቁ ሄደ። እትዬ ማህተም ምስክር ልሁን ብለው መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ምንም እንዳይነካ ይመስል ብብታቸው ሥር ደብቀውት ነበር። ፌንጣ መውጊያዋን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ጠመኔ ጥያቄዎቹን በቃል ያነቡላት ጀመር። የፊተኞቹ የቁጥር ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጠክ ጠክ የሚለው የመውጊያዋ ድምፅ ሳይቋረጥ አለፉ። ከዚያ ፕላኑን ፊቷ አደረጉላት።

«ይህ ክፍል…» አሉና ቆሙ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አወረዱት። «ከታች ጀምሪ። በሩን ፈልጊ፤ መስመሩ የተቋረጠበት ነው። በበሩ ስትገቢ በቀኝሽ ያለው ክፍል፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ አራት ነው።»

ፌንጣ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች። ጣቶቿ የውጭውን ግድግዳ ተከትለው ዞሩና ቆሙ።

«አገኘሁት። ገባሁ» አለች። «ይቺ ጠባቧ ምንድን ናት?»

«መተላለፊያ።»

«እዚህኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ መስመሩ ብዙ ቦታ የለም።»

«መስኮት ነው» አልኩ። መናገር አልነበረብኝም፤ ፈታኙ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ጠመኔ አልገሠጹኝም። «መስኮት ነው» ብለው ራሳቸው ደገሙላት።

«ይህን ያህል ሰፊ?»

«ብርሃን የሚወድ ሰው ነው የነደፈው።»

«ብርሃን ለኔ ሙቀት ነው» አለች። ጣቷን መስኮቱ ሥር አሳረፈች። «እንግዲያው ወንበሬን እዚህ ነው የማደርገው።»

ወደ ውሃ ታንከሩ ዞሬ ጥቂት ቆየሁ።

ጥያቄው የቤቱን ጠቅላላ ስፋት አግኝታ መተላለፊያውን እንድትቀንስ ነበር። ደጋግማ ዳሰሰች፤ በአፏ ቁጥር አጉረመረመች፤ አንዴ የወጋችውን በጥፍሯ ደፍጥጣ እንደገና ወጋች። መካከል ላይ ቀና አለች።

«መኪናዋ ቆማለች» አለች። «አባዬ ፈርቷል።»

እውነትም ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይሰማም ነበር።

ስትጨርስ ጋሽ ጠመኔ አቃፊ አልጠየቁም። «አሁኑኑ አንብቢልኝ። ቲቸርሽ በዓይናቸው ይከተሉሽ» አሉ። ወረቀቱን ገልብጣ በጣቷ አነበበች፤ እኔ ከትከሻዋ በላይ ተከተልኩ፤ እሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ሰሙ። ክፍልፋዩ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ተሳስቻለሁ።»

«አስረክበሻል፤ አይታረምም።»

«አውቃለሁ። ማወቄን እንዲያውቁ ነው» አለችና ስህተቱን እንዳለ አነበበችላቸው። ቀይ መስመር አሰመሩበት። የቤቱ መልስ ግን ልክ ነበር፤ መተላለፊያውም ተቀንሶ።

ጋሽ ጠመኔ ነጥቡን ደመሩ። ከታች ወደ ላይም ደመሩ። ከዚያ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል «አልፋለች» አሉ። «ሳይቀነስላት።»

ፌንጣ ዱላዋን ያዘች። ወጣች። በመስኮቱ በኩል ቦይዋ ጋ ስትደርስ አየኋት፤ ጫፉን መንካቱን እንኳ የረሳች መሰለኝ፤ ዘለለችው።

«ወረቀቶቹን ስጡኝ» አሉ እትዬ ማህተም። ሁለታችንም አየናቸው። «እንዲህ አትዩኝ። ጠርጥራችሁ ከሆነ ኑና እዩ።»

ተከተልናቸው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ከመደርደሪያዎቹ በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። እትዬ ማህተም ከኪሳቸው መቆንጠጫ አውጥተው የፌንጣን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሰቀሏቸው።

«እዚህ ማን ይተኛበታል?» አሉ። «ከእንግዲህ የሷ ፋይል አይቀመጥም፤ ይሰቀላል።»

ፕላኑ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። እትዬ ማህተም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱንስ ወደ ቤትሽ ትመልሺዋለሽ?» አሉኝ።

ትንሽ አሰብኩ። «የፈተናው አካል ነው» አልኩና ሰጠኋቸው።

መስኮቱ አጠገብ ሰቀሉት። ከኋላው ብርሃን ሲያልፍበት የቀለሙ መስመርና የጎማዋ ነጥብ አንድ ላይ ታዩ። ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጥቂት ተመለከቱት።

«ሌላም ጥቅል ይኖርዎታል?» አሉ። «የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥዕል ይበዛበታል።»

«ክሊኒክ አለ።»

«ክሊኒክ ጥሩ ነው። ክፍሉ ብዙ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ የስፌት መኪናው ተነሳ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በፍጥነት።

«ቀላል ጨርቅ ነው» አሉ እትዬ ማህተም፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው። ከማን እንደተማሩት አላውቅም።